ጥያቄና መልስ፦ የሞቃት አየር ሞተር ጥቃቅን ክፍሎች

ጥያቄ፦ በአልኮል መብራት የሚሠራ አነስተኛ የሞቃት አየር ሞተር በመሥራት ላይ ነኝ። ሲሊንደሩን ከብረት፣ ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር የሆነውን ፒስተን ደግሞ ከናስ በቶርኖ አውጥቻለሁ፤ አየሩን ከሙቁ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ የሚያዘዋውረውን ክፍል ከድፍን አሉሚኒየም ቀርጫለሁ። ሞተሩ በእጅ ሲገፋ ጥቂት ይዞርና ሲሞቅ ይቆማል፤ ወፍራም ዘይት ብጨምርበትም ባሰበት። እሳቱን ላጠንክር ወይስ ስህተቱ ከክፍሎቹ ነው?

መልስ፦ እሳቱን አያጠንክሩ፤ ችግሩ ከክፍሎቹ ነው። በዚህ ሞተር ውስጥ የታመቀ ነዳጅ አይፈነዳም፤ የታሸገው አየር ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የሚፈጠረው የግፊት ልዩነት ትንሽ በመሆኑ፣ የቤንዚን ሞተር ከቁም ነገር የማይቆጥረው ፍትጊያ ወይም የአየር መሹለክ እዚህ ኃይሉን በሙሉ ሊበላው ይችላል። ወፍራሙ ዘይት ክፍተቱን ቢደፍንም ፒስተኑን ስለሚይዘው ያባባሰው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሲሞቅ የሚቆምበት ምክንያት ግን የናሱ መለጠጥ ይመስለኛል። ናስ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ከርዝመቱ 19 ሚሊዮንኛ ያህል ሲለጠጥ ብረት የሚለጠጠው 12 ሚሊዮንኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም በ50 ዲግሪ ቢሞቁ የእርስዎ ፒስተን ከሲሊንደሩ በ6 ሺህኛ ሚሊ ሜትር ገደማ በልጦ ይወፍራል። ቁጥሩ ኢምንት ቢመስልም በመካከላቸው መኖር የሚገባው ክፍተት ራሱ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ፒስተኑን ከካስት አይረን ቢያወጡት ሁለቱ ተቀራርበው ይለጠጣሉ። ከሁሉም ይልቅ እኔ የምመርጠው ግን በመስታወት ሲሊንደር ውስጥ የሚሄድ የግራፋይት ፒስተን ነው፤ ግራፋይት በራሱ ስለሚያንሸራትት ዘይት ጨርሶ አያስፈልገውም።

አዲሱን ፒስተን ሲሊንደሩ ውስጥ በማሻሻ ዱቄት እያሹ አያስማሙት። ሲሊንደሩን በተለየ የአሉሚኒየም ወይም የእንጨት ዘንግ ለብቻው አሽተው ካለሰለሱ በኋላ ፒስተኑን በልኩ ያውጡለት፤ የዱቄቱ ቅንጣት ከቀረ ሁለቱንም እየፋቀ ስለሚያበላሻቸው ደጋግመው ይጠቡ። ከዚያም ሁለቱን አድርቀው ሲሊንደሩን ቀጥ አድርገው ያቁሙት፤ የታችኛውን ጫፍ በጣትዎ ደፍነው ፒስተኑን ከላይ ይልቀቁት። በታመቀው አየር ላይ ተንሳፎ ቀስ እያለ መውረድ፣ ጣትዎን ሲያነሱ ደግሞ በራሱ ክብደት ያለምንም መያዝ ወርዶ መውጣት አለበት። ሁለቱንም ካላሟላ ሞተሩን መገጣጠም ድካም ብቻ ነው።

ድፍኑን አሉሚኒየም ያለማመንታት ይለውጡት። ክብደቱ ሞተሩን ያንገላታዋል፤ ከዚህም የሚከፋው ሙቀትን እጅግ በቀላሉ ስለሚያስተላልፍ፣ ተለያይተው መቆየት ያለባቸውን ሙቅና ቀዝቃዛ ጫፎች ማቀራረቡ ነው። ከስስ የማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ውስጡ ባዶ የሆነና ሁለቱም ጫፎቹ የተዘጉ ክፍል ይሥሩ፤ በዙሪያው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑረው እንጂ ግድግዳውን ፈጽሞ አይንካ። ይህ ጠባብ ክፍተት ሌላም ጥቅም አለው። ስኮትላንዳዊው ቄስ ሮበርት ስተርሊንግ በ1816 እ.ኤ.አ. ባስመዘገበው ፈጠራ ውስጥ ዋናው ሐሳብ አየሩ ሲያልፍ ሙቀቱን ተቀብሎ የሚያቆይና ሲመለስ የሚመልስለት ክፍል ነበር፤ በትንሽ ሞተር ላይ ይህን ሥራ በከፊል የሚሠሩት የክፍተቱ ግድግዳዎች ናቸው። በሙቁ ጫፍ በኩል ከቆርቆሮና ከእርሳስ በተቀላቀለ መበየጃ አይበይዱ፤ የተለመደው ዓይነት በ183 ዲግሪ አካባቢ መቅለጥ ይጀምራል።

አየሩን የሚያዘዋውረውን ክፍል የሚይዘው ቀጭን ዘንግ በጠፍጣፋ መስታወት ላይ ሲንከባለል ከዘለለ ጎብጧልና ይለውጡት። የሚያልፍበትን ብሮንዚና (ዘንጉ የሚንሸራተትበትን ቀዳዳ ቱቦ) ረዘም አድርገው ይሥሩት፤ ረጅም ሲሆን አየር የሚሾልክበት መንገድ ይረዝማል፣ ዘንጉም አያጋድልም።

ጥያቄ፦ ለቮላኖው (ሞተሩን መዞሩን እንዲቀጥል ለሚያደርገው ከባድ ጎማ) ዘንግ ኩሽኔታ ብጠቀም ይሻላል?

መልስ፦ ይሻላል፤ ነገር ግን ከፋብሪካ እንደመጣ አይግጠሙት። በውስጡ ያለው ግራሶ ለዚህ ሞተር ከባድ ስለሆነ የጎማ መሸፈኛውን አውጥተው፣ እሳት በሌለበትና አየር በሚገባበት ቦታ በቤንዚን ያጥቡት፤ ሲደርቅ አንድ ጠብታ ቀጭን የማሽን ዘይት ይበቃዋል። ሌላ ምንም ሳይገጠምበት ቮላኖውን በጣት ገፋ ሲያደርጉት ለረጅም ጊዜ መዞር አለበት፤ ሁልጊዜ አንዱ ወገን ወደ ታች ሆኖ የሚቆም ከሆነ ያ ወገን ስለከበደ ከዚያው በኩል በትራፓኖ ጥቂት በስተው ያቅሉት።