በድሮ ፎቶ ላይ ሰው ለምን አይስቅም?

«አባባ፣ በናንተ ጊዜ ሳቅ ክልክል ነበር እንዴ?»

ይህን ያለችኝ የእህቴ የልጅ ልጅ ናት፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምትማር። ከአልጋዬ ሥር ያለውን የፎቶ ካርቶን አውጥታ አንድ በአንድ ስታይ ቆይታ ነው። ካህኑ አይስቅም፣ ሙሽራው አይስቅም፣ ሙሽራዪቱማ ጭራሽ ልታለቅስ የደረሰች ነው የምትመስለው። ገና ጥርስ ያላበቀለው ሕፃን እንኳ ግንባሩን ቋጥሮ ተቀምጧል።

የሰጠኋት መልስ የባለሙያ መልስ ነበር። የዚያን ጊዜ ፊልም ብዙ ብርሃን ይፈልጋል፤ ቤት ውስጥ በአምፖል ስታነሺ ሰውየው ፀጥ ካላለ ፊቱ ይደበዝዛል፤ የሚስቅ ሰው ደግሞ ፀጥ አይልም አልኳት። እውነት ነው። ደግሞም ፎቶ ለብዙው ሰው በዕድሜ አንዴ ወይ ሁለቴ የሚደርስ ነገር ስለነበር ለልጅ ልጅ የሚቀር መልኩን ጨዋ አድርጎ ማስቀመጥ ይፈልጋል፤ ማግጠጥ ነውር ነው። ይሄም እውነት ነው። እሷ ረክታ ሄደች። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዋናውን አልነገርኳትማ። እነዚያ ሰዎች እኮ ይስቁ ነበር። «አትሳቁ» የምላቸው እኔ ነኝ።

እናንተም ስልካችሁን ይዛችሁ የምትዞሩ የጎጃም ልጆች ስለሆናችሁ፣ ለእሷ ያልነገርኳትን ለሁላችሁም ልጻፈው።

ደብረ ማርቆስ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ሥራ የጀመርኩት በደርግ ጊዜ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ከተማዋን ያኔም መንቆረር ማለት አልተዉም ነበር። ኋላ ባሕር ዳር መጥቼ የራሴን ከፈትኩ። እንጀራዬ ጉርድ ፎቶ ነበር። ለቀበሌ መታወቂያ ጉርድ፣ ለሥራ ማመልከቻ ጉርድ፣ ለሚኒስትሪ ፈተና ጉርድ። ሠርግ ተገኝቶ ሙሉ ቁመት ያነሣሁ ቀን ለእኔም ድግስ ነው።

አንድ ቀን አለ፣ የማይወጣልኝ።

የካቲት ነው። ወደ ሰከላ አቅጣጫ ካለች አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን እንዳነሣ ተላክሁ። ሰከላ የግሽ ዓባይ አገር ነው። ያ ስንቱን አገር አቋርጦ ግብፅ የሚደርሰው ዓባይ እዚያ ስታዩት ሰው በጠርሙስ ቀድቶ የሚወስደው ጠበል ነው፤ እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቀን «ይሄው ነው?» ብዬ ጠይቄ ተቆጥተውኛል። ወደ ነገሬ ልመለስ። መንገዱ እስከሚያደርስ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በእግር። ዜኒት ካሜራ በአንገቴ፣ ነጭ አንሶላ በጀርባዬ። ስቱዲዮዬ አንሶላዋ ነበረች። በሁለት የባሕር ዛፍ አጠና መካከል ትወጠራለች፣ ከፊቷ በርጩማ ይቀመጣል፣ አለቀ። አንድ ጥቅል ፊልም 36 ነው የሚያነሣው፤ አሠሪዬ ደግሞ ፊልሙን የሚሰጠኝ የተማሪውን ስም ዝርዝር አይቶ ነው። ከቁጥሩ በላይ የነካሁት ከደሞዜ ይቆረጣል።

ወንዶቹ ሁሉ የለበሱት አንድ ኮት ነው። የርዕሰ መምህሩ ኮት። አንዱ ተነሥቶ ሲጨርስ ያወልቃል፣ ቀጣዩ ሙቀቱ ሳይወጣለት ይለብሰዋል። ሴቶቹም አንዲት ሹራብ ይቀባበላሉ። የዚያን ዓመት የፈተና ቅጽ ዛሬ ከፍቶ የሚያይ ቢኖር፣ ያ ሁሉ ልጅ አንድ ልብስ ሰፊ ጋ የተለካ ይመስለዋል። ርዕሰ መምህሩ በሸሚዝ ቆሞ ብርድ እየቆረጠው ኮቱን በዓይኑ ይከተላል። ቁጡ ሰው ነው። በዚያ ግቢ ጥርሱን ያየ የለም ይሉ ነበር።

ከሁሉም የሚያንሰው ልጅ ተራው ደረሰ። ኮቱን ሲያጠልቅ ልጁ ጠፋ፤ ከአንገትጌው በላይ ሁለት ዓይን ብቻ ቀረ። «ቀና በል። ወዲህ እይ። እንዳትስቅ» አልኩት። ላለመሳቅ ጉንጩን ነፍቶ ትንፋሹን ያዘ።

ይሄኔ አንሶላዋ መንቀሳቀስ ጀመረች። ነፋስ መስሎኝ ጠበቅሁ። የለም፣ ከታች ነው የምትጎተተው። በበጋ የሰፈሩ ከብት እዚያው ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነው የሚውለው፤ አንዲት ጥጃ ከኋላ መጥታ የአንሶላዬን ጫፍ ጎርሳ ታኝካለች። ልጁ አያያትም። ሰልፍ የያዙት ግን ያያሉ። መጀመሪያ አንዲት ልጅ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ከዚያ ሳቁ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሻገረ እስከ ሰልፉ ጭራ ሄደ። ልጁ ኮቱን አይተው የሚስቁበት መሰለው፤ ጉንጩን ይብስ ነፋ፣ ዓይኑም ዕንባ አቀረረ። ጥጃዋ አንዴ ጠበቅ አድርጋ ስትስብ አንሶላዋ ወርዳ ልጁ ራስ ላይ አረፈች። ከሥሯ ሲንፈራገጥ ቆይቶ ብቅ ሲል፣ ጥጃዋም ጫፉን ሳትለቅ ቀና ስትል፣ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። የሁለቱም አፍ ሙሉ ነው፤ የእሱ በትንፋሽ፣ የእሷ በአንሶላ።

ያን ጊዜ ልጁ የያዘውን ሁሉ ለቀቀው። ርዕሰ መምህሩ «ዝም!» ሊል አፉን ሲከፍት የወጣው ሳቅ ሆነ። ሆዱን ይዞ መሬት ተቀመጠ። ለካ የፊት ጥርሱ አንዱ የለም፤ ለካ ለዚህ ነው የማይስቀው ተባለና እንደገና ሌላ ሳቅ። ሜዳው ዳር ትል ሲለቅሙ የነበሩ ጋጋኖዎች በጫጫታው ደንግጠው ተነሡ። ጋጋኖን ካላወቃችሁ፣ ምንቃሯ ረጅምና ቆልማማ፣ ጉሮሮዋ ላይ ቆዳ የሚንጠለጠልባት፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም የማትገኝ ወፍ ናት። ስትነሣ «ሃ! ሃ! ሃ!» ነው የምትል። ሰዉ ከታች፣ እነሱ ከላይ። አንሶላዋ ስትወርድ ደግሞ ለካ ከኋላዋ አገር ነበር፤ ሜዳው፣ ከብቱ፣ ከሩቅ ተራራው፤ ጠዋቱን ሙሉ በጨርቅ ሸፍኜው የቆየሁት።

ካሜራው አንገቴ ላይ ነው። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው። እኔም እየሳቅሁ ነው። ፊልሙ ግን የተቆጠረ ነው። «በቃ፣ በቃ፣ ፊታችሁን ሰብስቡ» አልኩ። አንሶላዋን አራግፌ፣ የታኘከውን ጫፍ አጥፌ መልሼ ሰቀልኳት። ልጁ ተቀመጠ፣ ኮስተር አለ፣ አነሣሁት። ማታ ጨለማ ክፍል በቀይዋ አምፖል ሥር ሳጥበው ዓይኑ ርሷል። ነገሩን ያላየ ሰው፣ ምን ደርሶበት ይሆን ይህ ልጅ ይላል።

ራሴን አልወቅስም፤ የደሞዝ ሰው ነበርኩ። ግን ይቆጨኛል። ቁጭቱን ያባሰው ደግሞ የለቅሶ ሥራ ነው። ሰው ሲያርፍ ቤተሰቡ መታወቂያውን ይዞ ይመጣል፤ ጉርዷን አሳድግልን፣ ለአርባው ትድረስልን ይላሉ። አሳድጋለሁ። አንዲት እናት የባላቸውን ፎቶ ተቀብለው ብዙ አዩት። «የኔ ልጅ፣ ትንሽ ፈገግ ልታደርገው አትችልም? እሱ እኮ እንዲህ አልነበረም» አሉኝ። ቀጭን እርሳስ ነበረኝ፤ በኔጋቲቩ ላይ ጠባሳ አጠፋበታለሁ፣ የፊት መጨማደድ አለሳልስበታለሁ። ፈገግታ በእርሳስ አይገባም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፤ የፊልም ቁጥር ወደማያውቃችሁ። በአንድ ቀን የምታነሡት እኔ በዓመት ካነሣሁት ይበልጣል፤ ግን ሁሉም የራሳችሁ ፊት ነው። ያውም ያው ፈገግታ፣ ያው የአንገት ማዘንበል። ጢስ ዓባይ ሄዳችሁ ከ40 ሜትር በላይ ለሚወረወረው ውሃ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ትቆማላችሁ። ፏፏቴው ራሱ 1993 ዓ.ም. ገደማ ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ውሃው ተጠልፎ በበጋ ሲሳሳ የኖረ ነው፤ ሞልቶ ያገኘ ሰው እንዴት ጀርባውን ይሰጠዋል? ፊትን በስልክ ማቅላቱ፣ አፍንጫን ማሳነሱ ደግሞ ጭራሽ አይገባኝም። እሺ፣ እኔም ያ እርሳስ ነበረኝ፤ ይሄን አልካድኩም።

አገራችን ለሚያይ ሰው ቀልድ አዋቂ ናት። የመስቀል ወፍን ውሰዱ። በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ዘመድ ሲመጣ በእሱ ስም እንወርፈዋለን። ወፉ ግን የትም አልሄደም፤ በጋውን ሙሉ እዚሁ ነው። ወንዱ ያን ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር ላባውን ይጥልና ከሴቷ የማይለይ ቡናማ ለብሶ ከማሳ ማሳ ይዞራል፤ እኛ ከድንቢጥ ደባልቀን እናልፈዋለን። በክረምት የመራቢያው ጊዜ ሲደርስ ሴት ለማማለል ይሞሸራል። መስከረም ላይ አደይ አበባው መሀል ስናየው ከሩቅ አገር የመጣ ይመስለናል። ይሄን ለአንድ የመራዊ ገበሬ ስነግረው «ታዲያ የእኔን ጎረቤት ነዋ! እሱም ለመስቀል ካልሆነ አይታጠብም» አለኝ።

ባለ ቀለም ፊልም ሲመጣ ደግሞ የመጀመሪያውን ጥቅል ጣና ዳር ያችን ዓሣ የምትይዝ ትንሽ ወፍ ሳሳድድ ጨረስኩት። አየር ላይ አንድ ቦታ ቆማ ክንፏን እያርገበገበች ቁልቁል ታያለች፣ ከዚያ ጥልቅ። አዲስ አበባ ልኬ አሳጠብኩት፤ ያን ያህል ገንዘብ አውጥቼ ጥቁርና ነጭ ሆና መጣች። ምን ታድርግ፣ ላባዋ ጥቁርና ነጭ ነው! ጉሬዛም እንደዚያው ነው፤ ዘንገና ሐይቅ ዳር ያለው ጫካ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ግልገሉ ግን ሲወለድ ነጭ ነው፣ መድኃኒት ውስጥ እንደገባ የፎቶ ወረቀት ጥቁሩ የሚወጣው ቀስ እያለ ነው።

ባለፈው ደግሞ አንድ የባጃጅ ልጅ በስልኩ የቀረጸውን አሳየኝ። ጣና ዳር ዓሣ ከሚጸዳበት ቦታ አንዲት ፔሊካን የአጥማጁን ነጠላ ጫማ ዓሣ መስሏት አንሥታ ከረጢቷ ውስጥ ከተተችው። ቆይታ አሰበችበት። ተፋችው። አጥማጁም ምንም እንዳልተፈጠረ ውሃ ነካ አድርጎ ተጫማው። ልጁ ተሳፋሪ እስኪያመልጠው ድረስ ደጋግመን አየነው። በዚያ ቪዲዮ ላይ የራሱ ፊት አንዴም የለበትም። ስለዚህ ከላይ ስለ ዛሬ ወጣት ካልኩት ግማሹን ሰርዙልኝ፤ የትኛውን ግማሽ እንደሆነ እናንተ ምረጡ።

ሌንስ ጥረጉ፣ ፀሐይ ወደ ሌንሱ አይግባ የሚለውን ዩቲዩብ ይንገራችሁ። በወደቀ ሰው አትሳቁ የሚለውንም እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል። ከሙያው አንድ የምሰጣችሁ ነገር ይሄ ነው፦ «ጨረስን» ካላችሁ በኋላ አንድ ጨምሩ። ሰው ሲነሣ ትንፋሹን ይይዛል፤ አለቀ ሲባል ትከሻው ይወርዳል፣ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ የሆነ ነገር ይላል። መልኩ ያ ነው። እኔ ያን ጊዜ ፊልም እያጠነጠንኩ ነበር፤ የእናንተ ስልክ ምንም አይጠነጠንለትም። «ወዲህ እዩ»ም አትበሉ፣ የሚያዩትን እናንተም እዩ። የጀርባ አንሶላችሁንም፣ ዛሬ «ባክግራውንድ» የምትሉትን ማለቴ ነው፣ አንዳንዴ አውርዱት።

አንዳንዴ ደግሞ እላለሁ፣ ያችን ጥጃ አንሥቻት ቢሆን ኖሮ ካርቶን ውስጥ ገብታ እረሳት ነበር፤ ስላላነሣኋት ነው እስከ ዛሬ የማያት። አይ፣ ይሄ የሽማግሌ ማጽናኛ ነው። ፎቶው ቢኖረኝ ይሻለኝ ነበር። ያ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ይሆናል፤ ባሳየው ደስ ይለኝ ነበር።

የሚያስቅ ነገር ካገኛችሁ ለእህቴ የልጅ ልጅ ላኩላት፣ እሷ ታሳየኛለች። ግን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ ቴሌግራም ጨምቆ ያበላሸዋል፣ የእኔም ዓይን ዱሮውን ደክሟል።