ከአሜሪካ እንግሊዝ ለምትሄዱ ልጆች፣ ስለ ማክሰኞ

የወንድሜ ልጅ በጃንዋሪ ለአንድ ሴሚስተር እንግሊዝ ልትሄድ ነው፣ ባለፈው እሁድ ምሳ ላይ ስልኳን ከፍታ ፕሮግራሟን አሳየችኝ። አስራ አንድ ዊኬንድ፣ አስራ አንድ ከተማ። ፓሪስ፣ ሊዝበን፣ ፕራግ፣ ሮም እያለ ይሄዳል፣ አንዱም እንግሊዝ ውስጥ አይደለም። "የምትማሪበት ከተማስ?" ስላት "እሱማ እዛው ነኝኮ አክስቴ" አለችኝ። ዝም ብዬ ምሳዬን በላሁ ግን ሲከነክነኝ አደረ፣ ምክንያቱም እኔም በሷ ዕድሜ ያደረኩት ይሄንኑ ነው። እሷን ብቻ ከምጨቀጭቃት ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ፋርማሲስት ነኝ፣ ሃምሳ ልደፍን ነው። አሜሪካ የገባሁት በአስራ ሁለት ዓመቴ፣ በፈረንጆቹ 1997 ጁኒየር (የኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት) እያለሁ ደግሞ ለአንድ የትምህርት ዓመት ሊድስ ሄድኩ፣ ሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሸር። የደረስኩት ልዕልት ዲያና በሞተች በሁለት ሳምንቷ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ጋዜጣው ሁሉ እሷው ነበረች፣ እኔም አገሩ ሁሌ እንዲህ ሐዘን ላይ ነው እንዴ ብዬ ነበር።

መጀመሪያ ወረቀት። ያኔ ግሪን ካርድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው የነበረኝ፣ ኮሌጄ ውስጥ ፎርሙን የተቀበለችኝ ሴትዮ "አሜሪካኖች ምንም ችግር የለባቸውም" አለችኝና እኔም አሜሪካን ነኝ ብዬ ቁጭ! ለካ ግሪን ካርድ እንግሊዝ አያስገባም፣ የሚታየው ፓስፖርቱ ነው፣ ቪዛዬ የመጣው ልበር አምስት ቀን ሲቀረኝ ነው። አሁንም ያው ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት ያላችሁ እስከ ስድስት ወር ለሚሆን ኮርስ እንደ ጎብኚ መግባት ትችላላችሁ፣ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ግን ኢቲኤ የሚባል ፈቃድ ቀድማችሁ በስልክ አፕ ወይ በኢንተርኔት መሙላት አለባችሁ፣ በዚህ መንገድ ከገባችሁ ደግሞ ስራ ክልክል ነው። ከስድስት ወር በላይ ከሆነ የተማሪ ቪዛ ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ ለአንድ ሳምንትም ቢሆን ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ሌላው ማንም ያልነገረኝ ነገር፣ ሲቲዝንሺፕ የምትጠብቁ ከሆነ ከአሜሪካ በአንድ ጊዜ ከስድስት ወር በላይ መቅረት ቆጠራውን ሊያበላሽባችሁ ይችላል፣ እኔ ለገና ልመለስ ብዬ ቲኬቱ ተወደደብኝና ቀረሁ፣ በዛ የተነሳ ፓስፖርቴ ብዙ ዘገየ። የሚገርመው ሊድስ ውስጥ ሰው ሁሉ "አሜሪካዊቷ" ነው የሚለኝ። አሜሪካ "ኢትዮጵያዊቷ" ስባል ኖሬ እዛ ስሄድ ጮክ ብዬ የማወራ፣ በስኒከር ክፍል የምገባ አሜሪካዊት ሆንኩ፣ አሜሪካዊት አይደለሽም ያለኝ ኤርፖርት ላይ ማህተም የሚመታው ሰውዬ ብቻ ነው።

እቃ ስትሸክፉ ደግሞ ስሙኝ፣ የእንግሊዝ መብራት 230 ቮልት ነው፣ የአሜሪካው 120። ገበያ ላይ ያለው አዳፕተር የሶኬቱን ቅርጽ ነው የሚቀይረው እንጂ ቮልቱን አይደለም። ላፕቶፕና የስልክ ቻርጀር ሁለቱንም ይችላሉ፣ ጽሁፉን ገልብጣችሁ አንብቡ። እኔ የእናቴን የቡና መፍጫ ይዤ ሄጄ ሰካሁት፣ ለሁለት ሰከንድ እንደ አውሮፕላን ጮኸና ጭስ ሰጠኝ፣ ፍላቱ (አፓርታማው) በሙሉ ጨለመ። ሶኬቱ ራሱ ማብሪያ ማጥፊያ አለው፣ የመጀመሪያ ቀን ስልካችሁ ቻርጅ ሳያደርግ ካደረ እሱን አልጫናችሁትም ማለት ነው።

ኪችን ለስድስት ሰው አንድ ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ አንድ አንድ መደርደሪያ፣ ወተት ላይ ስም ይጻፋል፣ ስሙ ተጽፎም ይጠጣል። መፍጫው ቢቃጠልም ቡናውን በሙቀጫ እወቅጠዋለሁ ብዬ አንድ ማታ ልቆላ ተነሳሁ፣ በርና መስኮት ዘግቼ፣ ብርድ ነዋ! የእሳት አደጋ ደወሉ ጮኸና ሰማንያ ምናምን ተማሪ በፒጃማ መኪና ማቆሚያው ላይ ተደረደረ። እዛ አገር ደወል ሲጮህ "የውሸት ነው" ብሎ አልጋ ላይ መቅረት የለም፣ ሁሉም ይወጣል። የሕንጻው ኃላፊ ቆጣኝ፣ ኋላ ግን የፍላቴ ልጆች ምን እየሰራሽ ነበር ብለው ቁጭ አሉና ሦስተኛውን እስኪጠጡ ድረስ አልተነሱም። እስከዛ ድረስ ስማቸውን እንኳን በደንብ አላውቅም ነበር።

ያን ሌሊት ነው ስለ ክፍያ ያወራነው። እኔ ስለ ስቱደንት ሎኔ ስነግራቸው አላመኑኝም፣ እነሱ ለትምህርት አንድ ሳንቲም አይከፍሉም ነበር። ከነሱ በኋላ በ1998 የሚገቡት ግን በዓመት 1,000 ፓውንድ ሊጀምሩ ነው ተብሎ ካምፓሱ ሁሉ ይጨቃጨቅ ነበር። በ2025 9,535 ፓውንድ ደርሷል፣ ስለዚህ "እናንተኮ በነጻ ነው የምትማሩት" ብላችሁ ወሬ እንዳትጀምሩ፣ ዘመኑ አልፏል።

ትምህርቱ። እኛ ኩዊዝ፣ ሚድተርም፣ ፓርቲሲፔሽን ምናምን እያልን በየሳምንቱ ነጥብ እየለቀምን ነው ያደግነው፣ እዛ ክፍል በሳምንት ስምንት ወይ አስር ሰዓት ብትቀመጡ ነው፣ ከዛ ረጅም የንባብ ዝርዝር ይሰጣችሁና ዝም ትባላላችሁ። ማንም አይጠይቃችሁም። በመጨረሻ አንድ ኤሴይ ወይ አንድ ፈተና ሁሉንም ይወስናል። የመጀመሪያ ኤሴዬ 62 ሲመጣ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ከዛ አንዷ የፍላቴ ልጅ ወረቀቱን አይታ "ጎበዝ!" አለችኝ፣ የምታሾፍብኝ መስሎኝ ተቀየምኳት። እዛ 70 ከሆነ የመጨረሻው ከፍተኛ ማዕረግ ነው፣ ከ60 እስከ 69 ጥሩ ተማሪ ነው፣ ማለፊያው 40። 85 የሚባል ነገር አትጠብቁ። ትምህርት ቤታችሁ ያንን ቁጥር ወደ አሜሪካ ግሬድ እንዴት እንደሚቀይረው ሳትሄዱ አድቫይዘራችሁን በጽሁፍ ጠይቁ፣ በቃል አይደለም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ላስቸግራችሁ። ታይሌኖል (የራስ ምታትና የትኩሳት ማስታገሻውን) ብላችሁ ብትጠይቁ ማንም አያውቀውም፣ እዛ ስሙ ፓራሲታሞል ነው፣ መድኃኒቱ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ከሻንጣችሁ ታይሌኖል ወስዳችሁ፣ ከሱቅ ፓራሲታሞል ጨምራችሁ፣ ላዩ ላይ ለጉንፋን በሙቅ ውሃ የሚበጠበጠውን ዱቄት ብትጠጡ ሦስት ጊዜ ያንኑ ነው የዋጣችሁት፣ በቀን ከ4 ግራም ካለፈ ጉበት ይጎዳል። ሱፐርማርኬት አስራ ስድስት ፍሬ ያለው ፓኬት ከሁለት በላይ አይሸጥላችሁም፣ የፓኬቱን መጠን የሚገድበው ደንብ ከ1998 ጀምሮ ያለ ነው፣ ሰው ራሱን እንዳይጎዳበት ተብሎ የወጣ፣ ካሸሩ ላይ አትናደዱበት። ሜላቶኒን (ለእንቅልፍ የሚወሰደው) እዚህ እንደ ከረሜላ ነው የሚሸጠው፣ እዛ ያለ ሐኪም ወረቀት የለም። አደራል (ለትኩረት ችግር የሚሰጠውን መድኃኒት) የምትወስዱ ልጆች ደግሞ፣ አፍራችሁ ከእናታችሁ የደበቃችሁትም ጭምር፣ ስሙኝ፣ አደራል እንግሊዝ ውስጥ ፈቃድ የለውም፣ ፋርማሲ ሄዳችሁ አታገኙትም። ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ከሦስት ወር ላነሰ ጊዜ የሚበቃችሁን ከሐኪማችሁ ደብዳቤ ጋር ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ፣ ከዛ በላይ ከሆነ ግን ላይሰንስ ያስፈልጋል። ይሄንን ከመሄዳችሁ ሁለት ሦስት ወር በፊት ከሐኪማችሁ ጋር ጨርሱት፣ ኤርፖርት ቆማችሁ ለኔ እንዳትደውሉ።

በተማሪ ቪዛ የምትሄዱ ለጤና በዓመት 776 ፓውንድ ከቪዛው ጋር ትከፍላላችሁ፣ አንዴ ከከፈላችሁ ተጠቀሙበት እንጂ! የደረሳችሁ ሳምንት ሰፈራችሁ ያለ ጂፒ (የሰፈር ሐኪም) ጋ ተመዝገቡ፣ ታማችሁ እያላችሁ ፎርም መሙላት ያስጠላል። ድንገተኛ ካልሆነ 111 ይደወላል፣ ድንገተኛ ከሆነ 999፣ 911 አይደለም። እንደ ጎብኚ የገባችሁ ግን ያንን አልከፈላችሁምና ኢንሹራንስ ሳትይዙ እንዳትሄዱ፣ ሆስፒታል ብትተኙ ሂሳቡ ለእናንተ ነው።

ጨለማውስ? ዲሴምበር ሊድስ ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው በኛ አቆጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ አምስት አካባቢ ነው። ምሳ በልታችሁ ቀና ስትሉ መሽቷል። እኔ መጀመሪያ ሰነፍኩ ነው ያልኩት፣ ከዛ ናፍቆት ነው አልኩ፣ ሁለቱም ነበረበት መሰለኝ ግን ከሁለቱም በላይ ብርሃን ነው ያጣሁት። የእንግሊዝ ጤና አገልግሎት በመጸውና በክረምታቸው ለሁሉም ሰው በቀን 10 ማይክሮግራም ቫይታሚን ዲ ይመክራል፣ እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ላለው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እንዲያስብበት። 10 ማይክሮግራም ማለት እዚህ እቃው ላይ 400 ዩኒት ተብሎ የሚጻፈው ነው፣ ርካሽ ነው። እና ጠዋት ውጡ። ቢዘንብም ውጡ፣ ጃንጥላ ነፋሱ ይገለብጠዋል፣ ኮፍያ ያለው ጃኬት ይሻላል።

ፐብ ነገር። የመጠጥ ዕድሜ 18 ስለሆነ ከአሜሪካ የሚሄደው ልጅ መጀመሪያ ወር ላይ ያብዳል፣ እሱን አልሰብክም፣ ትልቅ ሰዎች ናችሁ። ግን መጀመሪያ ቀን ጠረጴዛ ይዤ ሃያ ደቂቃ አስተናጋጅ ስጠብቅ ሰዎቹ ያዝኑልኝ ነበር፣ ለካ ራስህ ባንኮኒው ጋ ሄደህ ነው የምታዘው፣ ቲፕም የለም። ከዛ ራውንድ አለ፣ አንዱ ተነስቶ ለሁሉም ይገዛል፣ ቀጥሎ ሌላው። አሜሪካኖቹ ጓደኞቼ የየራሳችንን እንክፈል እያሉ ሲያፍሩ እኔ ወዲያው ነው የገባኝ፣ የኛው "ዛሬ በኔ ነው" አይደል እንዴ! የማትጠጡ ብትሆኑ፣ ጾምም ሆነ ሃይማኖት፣ ብርቱካን ጁስ ያዙ፣ ተራችሁ ሲደርስ ግን ተነሱና ክፈሉ፣ እዛ አገር ጾመኛ ሳይሆን ተራውን የሚዘል ሰው ነው የሚታማው።

እሺ፣ ማክሰኞ። ማክሰኞ ክፍል አልነበረኝም። የመጀመሪያውን ተርም ማክሰኞ ማክሰኞ ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት፣ ወይ የዊኬንዱን ጉዞ ሳቅድ። አርብ ማታ አውቶቡስ፣ ሌሊቱን ሙሉ አንገት እየተጣመመ፣ ቅዳሜ ፓሪስ፣ ፎቶ፣ እሁድ ማታ መመለስ። ስምንት ከተማ አይቻለሁ፣ አልበሙን ዛሬ ስከፍተው የትኛው ድልድይ የየት እንደሆነ አላውቀውም። የገና እረፍት ላይ ገንዘቤ አለቀ፣ ወዶ ሳይሆን ተገዶ ሰው ይቀመጣል፣ እኔም ተቀመጥኩ። ከዛ በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ ከፍላቴ ልጅ ጋር ከርክጌት ገበያ መሄድ ጀመርኩ፣ ትልቅ ጣሪያ ያለው ገበያ ነው፣ ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር የሚባለው ትልቅ የሱቅ ድርጅት በ1884 በአንድ ጠረጴዛ የጀመረው እዛ ነው። አትክልት የሚሸጡት ሴትዮ ለሁሉም ሰው "ላቭ" ነው የሚሉት፣ "ምን ልስጥሽ ላቭ"፣ የኛ "የኔ እናት" ማለት ነው በቃ፣ ሌላ ትርጉም የለውም። በአራተኛው ሳምንት ሽንኩርት ስገዛ ሳልጠይቃቸው ሁለት ኪሎ መዘኑልኝ። ባለፈው ሳምንት የት ጠፋሽ ያሉኝ ጊዜ፣ ጉንፋን ይዞኝ ነው የቀረሁት፣ ያን ቀን ነው እዚህ አገር ኖሬያለሁ ያልኩት።

የሚያሳፍረኝን ደግሞ ልንገራችሁ። ፍላቴ የነበረው ሄዲንግሊ የሚባል ሰፈር ነው። ከተመለስኩ አስር ዓመት አልፎኝ ስለ ልዑል ዓለማየሁ ሳነብ፣ ዊንዘር መቀበሩን ያው ሁላችንም እናውቃለን፣ የት እንደሞተ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር፣ ሄዲንግሊ ይላል! በ1868 ከመቅደላ በሰባት ዓመቱ ተወስዶ፣ ቼልትናም፣ ረግቢ፣ ሳንድኸርስት ሲያዘዋውሩት ኖረው፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1879 በአስራ ስምንት ዓመቱ እኔ ዳቦ ስገዛበት በነበረው ሰፈር አረፈ። እሱም ተማሪ ነበር። ከአገሩ ልጅ አንድ ሰው አጠገቡ አልነበረም። እኔ ደግሞ ያን ኖቬምበር አምስተርዳም ቦይ ለቦይ እየዞርኩ ነበር፣ አንድ ማክሰኞ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የሰፈሬን ታሪክ ብጠይቅ ይነግሩኝ ነበርኮ።

የወንድሜ ልጅ ጉዞሽን ሰርዢ አላልኳትም፣ ሮምማ ይታያል። ከአስራ አንዱ አራቱን ተይ ነው ያልኳት፣ እያሰበችበት ነው። እኔን አሁን ያጨቃጨቀኝ ሻንጣው ነው፣ እናቷ ቅቤና ቋንጣ እየከተተችላት ነው፣ ከአሜሪካ ስጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንግሊዝ መግባት አይቻልም፣ ይጥሉባታል። በርበሬው ይሂድ፣ ሽሮው ይሂድ፣ ኮረሪማና ኮሰረቱም ይሂድ። ቅቤውን እዛው ገዝታ ታንጥረው፣ የኪችኑን መስኮት ከፍታ።