የደከመው ዘሩ ነው እንጂ መሬቱ አይደለም

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከጉና ተራራ ግርጌ፣ ከፋርጣ ነው። ገብሱ እስኪደርስ ነሐሴን የሚያሻግረን ድንች ነበር፤ አሁን ግን ከዓመት ዓመት እያነሰ ሄደ፤ ቅጠሉም ይጠቀለላል። ትልልቁን ሸጠን ደቃቁን ለዘር ስናስቀር ለልጆች የሚተርፍ የለም። መሬቱ ስለደከመ ምን ማዳበሪያ እንጨምር?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጠየቁት ስለ ማዳበሪያ ቢሆንም ምክንያቱን ራስዎ በደብዳቤዎ ጽፈውልኛል። መሬቱ ደክሞ ቢሆን ኖሮ ገብሱም አብሮ ባነሰ ነበር፤ ስለ ገብሱ ግን አላማረሩም። የቅጠል መጠቅለልና የምርት ማነስ አንድ ላይ ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክቱት በዘር የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታን ነው። ቅር አይበልዎትና፣ የታመመ እግር (አንዱ የድንች ተክል) የሚሰጠው ደቃቅ ድንች ስለሆነ፣ ትልልቁን ሸጦ ደቃቁን ማስቀረት በሽተኛውን መርጦ እንደ መዝራት ነው። ባሕር ዳር ገበያ ከደጋ የወረደ ያማረ ድንች ባየሁ ቁጥር የከርሞው ዘር በጆንያ ሲሸጥ ይታየኛል።

የሚያስፈልግዎት ጥቂት ችካል ነው። ድንቹ ሊያብብ ሲል ማሳውን እየዞሩ፣ ግንዱ ወፍራም፣ ቅጠሉ ያልተጠቀለለና ያልተዥጎረጎረ እግር ባገኙ ቁጥር አጠገቡ ችካል ይትከሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው ይዩና የታመመ ካለ ችካሉን ይንቀሉበት። ቅጠሉ እንደለመለመ በድንገት የጠወለገ እግር ካጋጠመዎት ግንዱን ቆርጠው ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አንጠልጥለው ይያዙት፤ ወተት የመሰለ ክር ከወረደ የባክቴሪያ አጠውልግ ነውና ከዚያ ማሳ ምንም ዘር አይውሰዱ። ምርት ሲደርስ አስቀድመው የተቸከሉትን እግር በእግር ይቆፍሩ። ጥቂት ወይም የተጣመመ ድንች የሰጠው ወደ ድስት ይግባ፤ ብዙና ያማረ ከሰጠው እግር ግን የዶሮ እንቁላል የሚያካክሉትን ለዘር ይያዙ። እነዚህን በጨለማ ጓዳ ከመከመር ይልቅ ብርሃን እያገኙ ፀሐይና ዝናብ በማይነካቸው ቆጥ ላይ ሳሳ አድርገው ቢዘረጓቸው አጭርና ወፍራም ጎንቁል ያወጣሉ። አረንጓዴ የሆነውን ግን ማንም እንዳይበላው።

እንደ ጉደኔና በለጤ ያለ የተሻሻለ ዝርያ ንጹሕ ዘር ካገኙ መልካም ነው፤ ነገር ግን በቀድሞው ልማድ ከተያዘ እርሱም ይደክማል። የደጋው ብርድ ቫይረሱን የሚያዛምተውን ክሽክሽ የተባለ ጥቃቅን ተባይ ስለሚያሳሳው፣ የእርስዎ ሰፈር ከእኛ ከጣና ዳር ይልቅ ለድንች ዘር የተመቸ ነው። የመጀመሪያው ዓመት የችካል ዘር ማሳውን ላይሞላ ስለሚችል፣ ከሌላው ድንች ራቅ ባለ መደብ ለብቻው ይዝሩትና የሚቀጥለውን ችካል ከእርሱ መካከል ይጀምሩ።