ትንኝ፣ ቢንቢ፣ የወባ ትንኝ፦ የማኅበራችን ጥያቄና መልስ

አራት ኪሎ፣ ግንፍሌ አጠገብ ያለው የንባብ ማኅበራችን በየወሩ አንድ ቅዳሜ ከአባላቱ አንዱን ወንበር ላይ አስቀምጦ በሚያውቀው ነገር ያፋጥጠዋል። በዚህ ወር ተራው የእኔ ነበር። ቆላ ለቆላ እየዞርኩ ከኩሬ እጭ ስቀዳ፣ ከዚያም ማይክሮስኮፕ ላይ ደፍቼ ስቆጥር የኖርኩ ጡረተኛ ነኝ። ጥያቄዎቹ በብጣሽ ወረቀት ተጽፈው በባዶ የወተት ጣሳ ቀረቡልኝ። የተደጋገሙትን አጣምሬ፣ የቀሩትን እንደ አወጣጣቸው ጽፌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ትንኝና ቢንቢ አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ?

መልስ፦ መጀመሪያ የወጣው ይኸው ሆነ፤ ባይወጣ ይገርመኝ ነበር። «ትንኝ» በአማርኛችን ደጁ የሰፋ ስም ነው። የበሰለ ሙዝ ላይ የምታንዣብበው ትንኝ ናት፤ ጠላ ውስጥ የምትሰጥመው ትንኝ ናት፤ መንገድ ስንሄድ ዓይናችን ውስጥ የምትገባውም ትንኝ ናት። እነዚህ የሰው ደም አይሹም። «ቢንቢ» የምንለው ግን የምትነክሰውን ብቻ ነው፤ ስሟም ጆሮ ሥር የምታሰማውን ድምፅ የቀዳ ይመስለኛል። «ቢምቢ» የሚልም አለ፤ በዚህ ከማንም ጋር አልጣላም። የጤና ባለሙያው ደግሞ «የወባ ትንኝ» ይላል። የእኔ ቅሬታ ከዚህ ይጀምራል። በዓለም ላይ ከ3,500 በላይ የቢንቢ ዝርያ አለ፤ የሰውን ወባ ማስተላለፍ የሚችሉት ሁሉም አኖፌለስ ከሚባለው ወገን ናቸው፣ ከዚያ ወገንም የተወሰኑት ብቻ። እኛ ግን ያገኘናትን ሁሉ «የወባ ትንኝ» እያልን፣ መፍራት በሌለብን ቦታ እንፈራለን፤ መፍራት ባለብን ቦታ ደግሞ ዝም ብለን እንቀመጣለን።

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ ከመተሐራ በተመለሰ በሁለተኛው ሳምንት ወባ ነው ተባለ። የሕንጻችን ደረጃ ላይ ማታ ማታ ቢንቢ አለች። እኛንም ታስይዘን ይሆን?

መልስ፦ እመቤቴ፣ ልጁ ወባውን ይዞ የመጣው ከመተሐራ ነው። ያ አገር ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ እኛ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ብርዱ ነው። የወባ ተውሳክ ትንኟ ሆድ ውስጥ እንደገባ ወዲያው ሌላ ሰው አይዝም፤ አድጎ ምራቋ ውስጥ እስኪደርስ በሞቃት አገር እንኳ አሥር ቀንና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሙቀቱ ወደ 16 ዲግሪ ሲወርድ ዋናው የወባ ተውሳክ እድገቱ ይቆማል ለማለት ይቻላል። የአዲስ አበባ አማካይ ሙቀት እዚያው ገደማ ስለሆነ፣ ተውሳኩ ሳይበስል ትንኟ ዕድሜዋ ያልቃል።

ደረጃችሁ ላይ ያለችው ኩሌክስ የምትባለው ናት ብዬ እገምታለሁ፤ የቆሸሸ ውሃ ትወዳለች። ለመለየት ግድግዳ ላይ ስታርፍ ይመልከቷት። አኖፌለስ ጭራዋን ወደ ላይ አንሥታ፣ በግማሽ ተመትቶ እንደ ቀረ ምስማር አዘንብላ ትቀመጣለች። ኩሌክስ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆና፣ ጎበጥ ብላ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ከቆላ የተመለሰ ሰው ሲያተኩሰው ለሐኪሙ መጀመሪያ የሚናገረው የሄደበትን አገር ይሁን። አንዱ የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ይነሣል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ደጋ ሰው ከወባ ነፃ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ እንዲህ ብለው የተኙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1958 ዝናቡ በዝቶ ሙቀቱም ከልማዱ ሲወጣ፣ ከ1,600 ሜትር ከፍ ብሎ እስከ 2,150 ሜትር ድረስ ባለው አገር ወረርሽኝ ገባ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመ፣ 150,000 ያህል እንደ ሞተ ይገመታል። ሰውነቱ ወባን ለምዶ የማያውቅ ሕዝብ ነበርና ክፉኛ ጎዳው።

ጥያቄ፦ ባምቢስ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከቢምቢ ነው? (ይህን የጻፈው ልጅ እጁ ያስታውቃል።)

መልስ፦ አይደለም ልጄ፤ ቢሆን ግን ደስ ይለኝ ነበር። ባምቢስ ግሪኮች ሀራላምቦስ የሚባለውን ሰው ሲያቆላምጡ የሚሉት ስም ነው፤ ሰፈሩ የተጠራው በአንድ የግሪክ ሱቅ ነው። ጎረቤቱ ካዛንቺስም ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞች ከሠራቸው ቤቶች ስም የመጣ ነው። ከተማችን ሱቁን ሰፈር የማድረግ ልማድ አላት።

ጥያቄ፦ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ «ትንኝን የምታጠሩ ግመልንም የምትውጡ» የተባለው የትኛዋን ትንኝ ነው?

መልስ፦ ማቴዎስ 23፥24 ላይ ነው። ነገሩ ጠላ ጠልላችሁ ለምታውቁ ግልጽ ነው፤ ወይኑን በጨርቅ ያጠሩታል፣ ርኩስ ነፍሳት አብሮ እንዳይጠጣ። ስለዚህ መጠጥ ውስጥ የምትሰጥመዋ ትመስለኛለች፤ የአማርኛው «ትንኝ» በትክክል ገጥሟል፤ «ቢንቢ» ቢባል ይበላሽ ነበር።

የግሪክኛው ቃል ኮኖፕስ ነው። ይህን ቃል የምወደው ስላፈራው ልጅ ነው። ግሪኮች ቢንቢ ለመከላከል መጋረጃ የተዘረጋበትን አልጋ ኮኖፔዮን አሉት፤ ከዚያ በላቲን በኩል አልፎ የእንግሊዝኛው ካኖፒ ሆነ፤ ከአልጋና ከዙፋን በላይ የሚዘረጋው ማለት ነው። የፈረንሳይኛው ካናፔም ከዚያው ግንድ ነው፤ መጀመሪያ መጋረጃ ያለው መቀመጫ ነበር፣ በኋላ ሶፋ ሆነ፣ ዛሬ ደግሞ ሆቴል ውስጥ በሰሐን እየዞረ የሚቀርበው በቁራሽ ዳቦ ላይ የተደረደረ መክሰስ። እኛም አጎበር የምንለው ከአልጋ በላይ እንደ ድንኳን የሚዘረጋውን መጋረጃ ነበር፤ ዛሬ «አጎበር ወሰዳችሁ?» ሲባል ሁሉም የሚያስበው በመድኃኒት የተነከረውን መረብ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ በአንድ መንገድ ተጉዘዋል።

ጥያቄ፦ ሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ምን ይሏታል?

መልስ፦ በትግርኛ ጣንጡ፣ በሶማሊኛ ካኔዖ፣ በኦሮምኛ ቦኬ ናት፤ ቡሳ ደግሞ ወባው ስለሆነ ቦኬ ቡሳ ሲሉ ልክ እንደ «የወባ ትንኝ» ነው። ሶማሊኛን ካነሣን አይቀር፣ ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1855 መጀመሪያ ሐረር ሲገባ ያለፈበት ምድር ሰዎች «የቢንቢ ንክሻ ገዳይ ትኩሳት ያመጣል» ብለው ነግረውት ነበር። እሱም አጉል እምነት ነው ብሎ ጻፈው፤ ቢንቢውና ትኩሳቱ በአንድ ወቅት ስለሚበዙ ሕዝቡ ተምታቶበት ነው አለ። ያ ሁሉ የተማረ አውሮፓ በዚያን ጊዜ ወባን የሚያመጣው የረግረግ መጥፎ አየር ነው ይል ነበር። ማላሪያ የሚለው የጣሊያንኛ ቃል ራሱ «መጥፎ አየር» ማለት ነው። የእኛዎቹ «ንዳድ» ሲሉ ግን ያዩትን ብቻ ተናገሩ፤ ሰውነት ነደደ፣ ንዳድ ሆነ። ያልተረጋገጠ ምክንያት አልለጠፉበትም።

ጥያቄ፦ ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን ያረጋገጠው ማን ነው?

መልስ፦ ሮናልድ ሮስ፣ ሕንድ አገር ያገለግል የነበረ ሐኪም፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 20 ቀን 1897። ቀኑ እስከ ዛሬ የዓለም የትንኝ ቀን ተብሎ ይታሰባል። ለእኔ የሚያስገርመኝ ግን ያገኘበት ሳይሆን ያላገኘበት ጊዜ ነው። ሁለት ዓመት ያህል የተሳሳቱትን፣ ኩሌክስንና ኤዲስን፣ ሆዳቸውን ሲቀድ ኖሯል። ሮስ የነፍሳት ባለሙያ አልነበረም፤ ስማቸውን ባያውቅ «ግራጫዋ» «ዥንጉርጉሯ» እያለ ነበር የሚጽፈው። በመጨረሻ ክንፏ ነጠብጣብ የሆነውን ሲያመጡለት ሆዷ ግድግዳ ላይ ተውሳኩን አየ። ሊቃውንቱ ለዚያች ወገን እ.ኤ.አ. በ1818 ስም አውጥተውላት ነበር፤ አኖፌለስ፣ በግሪክኛ «የማትረባ» እንደ ማለት። የማትረባ ብለው ከሰማንያ ዓመት ገደማ በኋላ ምን እንደምትሠራ አወቁ።

ጥያቄ፦ ሞስኪቶ የሚባል የጦር አውሮፕላን ነበር ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ኅዳር 1940 ላይ አበረሩት፤ አካሉ እንጨት ስለሆነ የቤት ዕቃ አናጺዎችም ሠርተውታል። እንግሊዞች ቢንቢን ሞስኪቶ ይሏታል፤ ቃሉ የስፓኝ ሲሆን ትርጉሙ «ትንሿ ዝንብ» ነው። መካከለኛው አሜሪካ ውስጥ የሞስኪቶ ጠረፍ የሚባለው ግን ሚስኪቶ ከተባለው ሕዝብ የመጣ ነው፤ ቢንቢዋ የለችበትም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴን ትታ እኔን ብቻ የምትነክሰው ለምንድን ነው?

መልስ፦ የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ናት፤ ለእንቁላሏ ደም ያስፈልጋታል። የምትመራውም በምናወጣው ትንፋሽ፣ በሰውነታችን ሙቀትና በቆዳችን ጠረን ነው፤ ጠረን ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። ነፍሰ ጡሮችን ትመርጣለች። የእርስዎን ጉዳይ ከባለቤትዎ ጋር ይጨርሱት።

ጥያቄ፦ ከተማ ውስጥ ምንም የሚያሰጋ የለም ማለት ነው?

መልስ፦ አላልኩም። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል የእስያ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። የነባሮቹ ልማድ የገጠር ኩሬና ረግረግ ሲሆን፣ ይህቺ በርሜልና ሮቶ ውስጥ ትራባለች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ሆና ተገኝታለች። ቀን የምትነክሰው ኤዲስም በርሜል ወዳጅ ናት፤ በ2019 ድሬዳዋን ያንበረከከው ቺኩንጉንያ በእሷ የሚተላለፍ ነው። ስሙ ከማኮንዴ ቋንቋ የመጣ ሲሆን «የሚያጎብጥ» እንደ ማለት ነው፤ የታመመው ሰው በመገጣጠሚያ ሕመም ሲጎብጥ ያየ ሁሉ ስያሜውን አይጠይቅም። አዲስ አበባን ለጊዜው ብርዱ ይጠብቃታል። ሆኖም «ወባ የቆላ ገጠር በሽታ ነው» የሚለው አባባል ለድሬዳዋ ሰው ዛሬ አይሠራም።

ለማሳየት በብርጭቆ ያመጣሁትን ውሃ ሁላችሁም አይታችኋል። እንደ ቁራጭ ክር የሚወራጩት እጮቹ ናቸው፤ ራሳቸውን ቁልቁል ዘቅዝቀው በጭራቸው ቱቦ ከላይ አየር ይስባሉ፣ ስለዚህ አኖፌለስ አይደሉም። የአኖፌለስ እጭ ቱቦ የለውም፤ ከውሃው ገጽ ሥር ልክ እንደ ተጋደመ ሰው ጠፍጠፍ ብሎ ይተኛል። ብርጭቆውን በጣታችሁ መታ ስታደርጉት ሁሉም ወደ ታች ሸሹ፤ ጥላም ሲያርፍባቸው እንደዚያው ያደርጋሉ። ፍሊት ቢነፉባቸው ትርፉ ሽታ ነው፤ በርሜሉን በየሳምንቱ ደፍቶ ማጠብና መክደን ይበቃል።

ጥያቄ፦ ይህን ውሃ ከየት አገኙት?

መልስ፦ ከራሴ በረንዳ። የበርሜሉ ክዳን ከተሰበረ ሦስት ሳምንት ሆኖታል።