ከብሊዛርድ በፊት የሚመጣው ሙቀት እንዳያታልላችሁ

እንደምን ሰነበታችሁ ወገኖች። ይሄን የምጽፈው በተለይ ዘንድሮ የመጀመሪያ ዊንተራችሁን አሜሪካ ለምታሳልፉት ነው፣ ቆየት ያላችሁትም ግን ብታነቡት አይከፋም ምክንያቱም ስንት ዓመት እዚህ ኖሮ ብሊዛርድ (ኃይለኛ ንፋስና ስኖው የተቀላቀለበት አውሎ ነፋስ) ከየት እንደሚመጣ ጠይቆ የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፣ እኔ ደሞ በኖርኩበት ጊዜ ሁሉ ደጋግሜ የማየው ነገር ሰው ጠዋት ላይ ሞቅ ያለ አየር ያይና ዛሬማ ምንም አይመጣም ብሎ ስስ ጃኬት ደርቦ ሥራ ይሄዳል፣ ማታ ሲመለስ መንገድ ላይ ይቀራል።

ይሄ ነገር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ጃንዋሪ 12 ቀን 1888 ኔብራስካና ዳኮታ አካባቢ ጠዋቱ ለወቅቱ ከሚጠበቀው በላይ ሞቅ ያለ ነበር፣ ገበሬው ወደ ሜዳው ልጆቹም ስስ ልብስ ለብሰው ወደ ትምህርት ቤት ወጡ፣ ከዛ ቅዝቃዜው በአንዴ ደረሰና ስኖውና ንፋሱ ተደባልቆ ሰው ፊቱ ያለውን ማየት አቃተው፣ 235 ገደማ ሰው እንደሞተ ይገመታል፣ ከነሱ ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ሲመለሱ የነበሩ ልጆች ናቸው። ያ የድሮ ነው የሚል ካለ ደሞ ዲሴምበር 2022ን ያስታውስ። ዴንቨር ኤርፖርት ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ42 ዲግሪ ፋራናይት ወደ 5 ዲግሪ ወረደ፣ በሴልሺየስ ከ6 ገደማ ወደ 15 ከዜሮ በታች ማለት ነው፣ በአንድ ሰዓት! ያ ቅዝቃዜ ወደ ምስራቅ ገፍቶ ኒውዮርክ ስቴት ያለችው ባፋሎ ከተማ ሲደርስ በዛ አካባቢ ብቻ ከ40 በላይ ሰው ሞተ፣ መኪና ውስጥ የሞቱ አሉ፣ ውጪ በእግራቸው ሲሄዱ የሞቱ አሉ፣ ሂተር ጠፍቶባቸው ቤታቸው ውስጥ የሞቱም አሉ።

ታዲያ ሙቀቱና አውሎ ነፋሱ ምን አገናኛቸው? ይሄን በቃል ከምነግራችሁ ቤታችሁ ውስጥ በዓይናችሁ ብታዩት ይሻላል፣ ልጆች ካሏችሁ አብራችሁ አድርጉት።

ንፋስ በሌለበት ብርዳማ ቀን ቤቱ በደንብ ሞቆ እያለ የውጪውን በር ትንሽ ገርበብ አድርጉት። ከዛ አንድ ስስ ሶፍት ወረቀት በሁለት ጣት ይዛችሁ በክፍተቱ ላይኛው ጫፍ ላይ አንጠልጥሉት፣ ወደ ውጪ ይወዛወዛል። ቀስ እያላችሁ ወደ ታች አውርዱት፣ መሀል አካባቢ ይቆማል፣ ወለሉ አጠገብ ሲደርስ ደሞ ወደ ውስጥ ይገፋል። ማንም አልነፋበትም እኮ፣ ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ በታች ገባ፣ የቤቱ ሙቅ አየር ቀላል ስለሆነ በላይ ወጣ፣ አለቀ። ንፋስ ማለት መጀመሪያውኑ ይሄው ነው።

ሁለተኛው ሙከራ በውሃ ነው፣ ውሃም አየርም የሚፈሱ ነገሮች ስለሆኑ በዚህ ነገር ጠባያቸው ይመሳሰላል። አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ሰማያዊ የምግብ ቀለም የገባበት ውሃ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣችሁ በረዶ አድርጉ። በማግስቱ ረዘም ያለ ውስጡን የሚያሳይ የፕላስቲክ ወይ የመስታወት ዕቃ ላይ መካከለኛ ሙቀት ያለው ውሃ ሙሉና እስኪረጋ ጠብቁ፣ መርጋቱ ወሳኝ ነው አትቸኩሉ። ከዛ ሰማያዊውን በረዶ በአንዱ ጫፍ አስቀምጡ፣ በሌላው ጫፍ ደሞ ቀይ ቀለም ያለው ሙቅ ውሃ (የፈላ አይሁን፣ ከቧንቧ የሚመጣው ይበቃል) በማንኪያ ጀርባ ላይ እያንጠባጠባችሁ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። ከጀርባው ነጭ ወረቀት አቁማችሁ በጎን በኩል ተመልከቱ። በረዶው ይንሳፈፋል፣ ከሱ የሚቀልጠው ሰማያዊ ውሃ ግን ወዲያው ወደ ታች ይሰምጥና ወለሉን ይዞ ይሳባል፣ ቀዩ ከላይ ይዘረጋል፣ ሲገናኙ ወዲያው አይደባለቁም፣ ሰማያዊው እንደ ሽብልቅ ከስር ይገባና ቀዩን ወደ ላይ ያነሳዋል። ቴሌቪዥን ላይ የአየር ጠባይ የሚናገረው ሰውዬ ኮልድ ፍሮንት የሚለው ያ የሽብልቁ ጫፍ ነው።

አሁን ዕቃውን አገር አድርጋችሁ አስቡት። ሰማያዊው በካናዳ በኩል ከአርክቲክ የሚወርደው ደረቅ ቀዝቃዛ አየር ነው፣ ቀዩ ከሜክሲኮ ባህረ ሰላጤ ወይም ከአትላንቲክ የሚነሳው ሙቅና እርጥበት የጫነ አየር ነው። ሙከራው የማያሳየው አንድ ትልቅ ነገር እርጥበቱ ነው፣ ጉዳዩ ደሞ እዛ ላይ ነው ያለው። ሙቅ አየር ብዙ ተን መሸከም ይችላል፣ ቀዝቃዛው ከስር ገብቶ ሲያነሳው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ግፊቱ ስለሚቀንስ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ የተሸከመውን መያዝ ያቅተዋል፣ ያ ተን ወደ ጠብታና ወደ በረዶ ብናኝ ይለወጣል፣ ስኖው የምንለው እሱ ነው። እዚህ ላይ ግን አያቆምም። ተን ወደ በረዶ ሲለወጥ ሙቀት ይለቃል፣ ያ ሙቀት በዙሪያው ያለውን አየር መልሶ ያሞቀዋል፣ የሞቀው ደሞ ይበልጥ ወደ ላይ ይወጣል፣ ስለዚህ አውሎ ነፋሱ ራሱ ለራሱ ነዳጅ እየሰጠ ይጠነክራል ማለት ነው። አየሩ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር መሬት ላይ ያለው ግፊት ይወርዳል፣ ግፊቱ ሲወርድ ከዙሪያው ያለው አየር ወደዛ ይሮጣል፣ ምድር ስለምትዞር ደሞ በቀጥታ መግባት አይችልም፣ በሰሜኑ የዓለም ክፍል የሰዓት ዘንግ ከሚዞርበት በተቃራኒ እየዞረ ነው የሚገባው። በዚህ ዙር የፊተኛው ወገን ከደቡብ ሙቀት ያመጣል፣ የኋለኛው ወገን ከሰሜን ቅዝቃዜ ይጎትታል።

ገባችሁ አይደል? ያ ጠዋት ላይ ደስ ያላችሁ ሙቀት ብዙ ጊዜ የአውሎ ነፋሱ የፊት ገጽ ነው። ትንበያው ብሊዛርድ እያለ ውጪው ሞቅ ካለ ትንበያው ተሳስቷል አትበሉ፣ እየደረሰ ነው በሉ።

ሌላው ብዙ ስኖው ስለወረደ ብቻ ብሊዛርድ አይባልም። አሜሪካ ውስጥ ብሊዛርድ የሚባለው ንፋሱ በሰዓት 35 ማይል (56 ኪሎሜትር) ወይም ከዛ በላይ ሲሆን፣ የዓይን እይታ ከሩብ ማይል በታች ሲወርድና ይሄ ሁሉ 3 ሰዓት ወይም ከዛ በላይ ሲቆይ ነው፣ ካናዳ መስፈርቱ ትንሽ ይለያል። ሰማዩ ጥርት ብሎ እንኳ መሬት ላይ ያለውን ስኖው ንፋሱ አንስቶ ብሊዛርድ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ስንት ኢንች ይወርዳል ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፣ ንፋሱን ጠይቁ። ዜሮ ፋራናይት ላይ 35 ማይል ንፋስ ካለ የተጋለጠ ቆዳ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በብርድ ሊሞት ይችላል፣ ጆሮና ጣት ቀድመው ይሄዳሉ።

ዋች ሲባል ተዘጋጁ ነው፣ ዋርኒንግ ሲባል ግን ወይ ደርሷል ወይ ሊደርስ ነው፣ ያኔ መንገድ ላይ መገኘት የለባችሁም። በተለይ ኡበርና ትራክ የምትነዱ፣ ነርሲንግ ሆም የሌሊት ሽፍት ያላችሁ፣ ሥራ ቀረሁ ብላችሁ እንደምትጨነቁ አውቃለሁ፣ ግን አለቃችሁን ዋች ሲወጣ ቀድማችሁ አናግሩት፣ መቅረት ካልቻላችሁ አውሎ ነፋሱ ሳይጀምር ቀድማችሁ ሄዳችሁ እዛው እደሩ እንጂ መሀል ላይ አትንዱ።

ድንገት መንገድ ላይ ከያዛችሁ መኪናችሁን ጥላችሁ አትውጡ፣ ሰው አስር እርምጃ ሄዶ መኪናውን ማግኘት ያቅተዋል። 911 ደውሉ፣ ደማቅ ጨርቅ አንቴናው ላይ እሰሩ። ሞተሩን በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ያህል ብቻ አስነሱ፣ ከማስነሳታችሁ በፊት ግን ማርሚታው በስኖው አለመደፈኑን ሁሌ አረጋግጡ፣ መስኮቱንም ትንሽ ክፈት አድርጉ፣ ከተደፈነ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ የወሰዳችሁ ይመስላችኋል።

ቤትም ውስጥ ያው ነው። ሂተራችሁ በግድግዳው በኩል ወደ ውጪ የሚወጡ ነጭ የፕላስቲክ ቱቦዎች ካሉት ዛሬውኑ ወጥታችሁ የት እንዳሉ እዩ፣ ስኖው ሲከመር አፋቸው እንዳይደፈን መጥረግ አለባችሁ፣ መብራት ቢጠፋም ከሰልም ጄኔሬተርም ቤት ውስጥ እንዳትለኩሱ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ባትሪ ደሞ ቀይሩ። ካለፈ በኋላ ስትጠርጉ አካፋውን ሞልታችሁ አታንሱ፣ ትንሽ ትንሽ እያደረጋችሁ ግፉት፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለባችሁ ደሞ ጭራሽ አትንኩት፣ የጎረቤት ልጅ ይጥረግላችሁ፣ በዛ ቀን አምቡላንስም ቶሎ አይደርስም።