መንግሥት ሲቀየር ትምህርቱ ለምን ይንገዳገዳል?

«መንግሥት በተቀየረ ቁጥር የትምህርት ፖሊሲ ይቀየራል። ታዲያ ለምን አንዱም ፍሬ አያፈራም?» ብለህ ለጠየቅኸው ወንድሜ፣ ደሴ ላይ እያስተማርኩ ካየሁት ልንገርህ።

ሐሳብ ጠፍቶ አይደለም። የጠፋው ጊዜ ነው። አንድ ልጅ አሥራ ሁለተኛን እስኪጨርስ 12 ዓመት ይፈጅበታል። አዲስ መንግሥት ግን ለውጥ ማምጣቱን ቶሎ ማሳየት ይፈልጋል፤ ለዚህ ደግሞ ትምህርት ቤት ቅርቡ ነው።

የመተማመኑም ነገር አለ። የንጉሡ መንግሥት ያስጠናው ሴክተር ሪቪው የተባለ የትምህርት ማሻሻያ ጥናት በ1966 ይፋ ሲሆን መምህራን ሥራ አቆሙ። ጥናቱ ትምህርትን ለገጠሩ ልጅ ማዳረስ ይፈልግ ነበር፤ በጎ ነው። መምህሩ ግን ለደመወዙ ሰጋ፣ ወላጁም የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ሊቀር ነው አለ። ሰው መንግሥትን ካላመነ ጥሩውንም ሐሳብ ይጠረጥራል። ከዚያ ደርግ መጣ። በ1986 ደግሞ የሽግግር መንግሥቱ፣ ሕገ መንግሥቱ እንኳ ሳይጸድቅ፣ የራሱን ፖሊሲ አወጣ። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩ ማለቱን እስካሁን እደግፋለሁ። የክፍል አከፋፈሉ ግን ተቀየረ፤ አሁን ዞሮ ዞሮ ወደ ጥንቱ 6-2-4 (ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ) ተመልሰናል።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ሲመጣ መጽሐፉ የደረሰን በፒዲኤፍ ነው፣ በቴሌግራም። መምህሩ ስልኩን በግራ እጁ ይዞ ሰሌዳ ላይ ይገለብጣል፣ ተማሪው ከሰሌዳው ወደ ደብተሩ ይገለብጣል። ክፍለ ጊዜው በዚሁ ያልቃል። የቻለ ወላጅ ፎቶ ኮፒ ያስደርጋል፤ ያልቻለው ልጅ ከጓደኛው ይለምናል። መሀል ላይ ያሉትማ በአሮጌው ጀምረው በአዲሱ ጨረሱ።

የ2014ቱን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች አስባቸው። አሥረኛ ሳሉ ኮሮና ትምህርት ቤቱን ዘጋው። አሥራ ሁለተኛ ሲገቡ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ሲመለሱ ወንበሩም ቤተ ሙከራውም እንደነበረ አልጠበቃቸውም። ኩረጃን ለማስቆም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች የተሰጠው ለእነሱ ነው። ኩረጃን ማስቆሙ ትክክል ነበር፤ በሽታ ሆኖብን ነበር። ከመላ አገሪቱ ተፈታኞች የፈተናውን ግማሽ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ውጤቱ ሲነገር ጥፋቱ የልጆቹ መሰለ። ይሄ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

እኔን ብትጠይቀኝ ለውጥ ከአንደኛ ክፍል ይጀመር፣ ከእነዚያው ልጆች ጋር በየዓመቱ አንድ ክፍል ይደግ። የታተመ መጽሐፍ ከመስከረም በፊት ይድረስ። መምህሩም ሰነዱ ከመጽደቁ በፊት ይጠየቅ እንጂ ከጸደቀ በኋላ ለሥልጠና አይጠራ። ቀጥሎ የሚመጣው መንግሥትም የጀመሩት ልጆች እስኪጨርሱ ድረስ እጁን ይሰብስብ።