ሌባ ከገባበት ቤት ውስጥ እንደገና በሰላም ማደር

እኅቴ፣ «ሥራ ላይ ሳለን ሌቦች የኋላውን በር ሰብረው ገቡ፤ ላፕቶፑንና ከእናቴ የወረስሁትን ጌጣጌጥ ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ ሌሊት እየተነሣሁ በሩን ደጋግሜ እፈትሻለሁ፤ የስምንት ዓመት ልጄ ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን መተኛት አቁማለች፤ ባለቤቴ ‹የሄደው ዕቃ ነው፣ እርሺው› ይለኛል። ይህ ስሜት ያልፋል ወይስ ቤቱን መልቀቅ ይሻላል?» ብለው ላቀረቡት ጥያቄ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእኛም ቤት በዚሁ ዓይነት ተሰብሮ ስለነበር፣ ያን ጊዜ አንድ ሰው አረጋግቶ ቢነግረኝ ብዬ የተመኘሁትን ለእርስዎ ልጽፍልዎ ወደድሁ።

ከፊትዎ ያለው ጥገና አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። አንደኛው የቤቱ ነው፤ የተሰበረው በር፣ የላላው መስኮት፣ በማን እጅ እንደገባ የማይታወቀው ትርፍ ቁልፍ በዚህ ይጠቃለላሉ። ሁለተኛው የሰውነትዎ ነው፤ ኮሽ ባለ ቁጥር የሚመታው ልብ፣ እንቅልፍ እንቢ የሚለው ዓይን፣ ከሥራ ሲመለሱ ከበሩ ፊት የሚከብደው እግር። የመጀመሪያው በጥቂት ቀናት ሊጠናቀቅ ይችላል፤ ሁለተኛው የራሱን ጊዜ ይወስዳል። ብዙ ሰው የሚደክመው ሁለተኛውን በመጀመሪያው መሣሪያ ለመጠገን ሲሞክር፣ ማለትም ፍርሃቱ አልቀል ባለ ቁጥር ሌላ ቁልፍና ሌላ ካሜራ ሲጨምር ነው። ስለዚህ ሁለቱን ለያይቼ፣ ለቤቱ አጠር፣ ለሰውነትዎ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

ፍርሃትዎ መሠረት የለሽ አይደለም፤ ይህን በግልጽ መናገር ከማባበል ይሻላል ብዬ አምናለሁ። አንድ ጊዜ የተሰረቀ ቤት ካልተሰረቀው ይልቅ እንደገና የመሰረቅ ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑን፣ ይህም አደጋ በተለይ ከስርቆቱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት በርትቶ ከዚያ እየቀነሰ እንደሚሄድ የወንጀል ጥናት ባለሙያዎች በተለያዩ አገሮች አረጋግጠዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ ሌባው መግቢያውንና መውጫውን አውቋል፣ ትቶት የሄደውን ዕቃ አይቷል፣ የወሰደውም በአዲስ እንደሚተካ ይገምታል። እንግሊዝ ውስጥ ሮችዴል በምትባል ከተማ፣ ኪርክሆልት በተባለ መኖሪያ ሰፈር በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የወንጀል ተመራማሪው ኬን ፒዝና ባልደረቦቹ የሠሩት ሥራ የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነበር። ጥበቃውን በመላው ሰፈር ከመበተን ይልቅ ገና በተሰረቁት ቤቶች ላይ አተኮሩ፤ ቁልፎቻቸውን አጠናከሩ፤ ሌቦችን ይስቡ የነበሩትን ሳንቲም የሚጎርሱ የጋዝና የኤሌክትሪክ ቆጣሪዎች አስነሱ፤ በእያንዳንዱ የተሰረቀ ቤት ዙሪያ ያሉትን ስድስት ያህል ጎረቤቶች ደግሞ ዓይናቸውን በዚያ ቤት ላይ እንዲያሳርፉ ጠየቁ። የሰፈሩ የቤት ስርቆት በጥቂት ዓመታት ውስጥ በ75 በመቶ ያህል ቀነሰ። ይህን የምነግርዎ አደጋው እውነተኛ ቢሆንም አጭር ዕድሜ ያለውና በተራ ነገሮች የሚመከት መሆኑን እንዲያዩ ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሩ ላይ ይፍጠኑ። በእርግጫ ወይም በብረት ዘንግ የሚሰበር በር አብዛኛውን ጊዜ እጅ የሚሰጠው በቁልፉ በኩል ሳይሆን የቁልፉ ምላስ በሚገባበት መቃን በኩል ነው፤ አጫጭር ብሎኖች የያዙት ቀጭን ብረት ይነቀልና በሩ ይከፈታል። አናጢው ያን ብረት ወፍራም በሆነ እንዲቀይርልዎ፣ 7.5 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት ባላቸው፣ መቃኑን አልፈው ከኋላው ካለው ጠንካራ አካል ጋር በሚያያዙ ብሎኖች እንዲያስርልዎ፣ የቁልፉ ምላስም 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ የሚገባ እንዲሆን ይጠይቁ። ቁልፍ ከጠፋብዎ ወይም ትርፍ ቁልፉ የት እንዳለ እርግጠኛ ካልሆኑ የቁልፉን ሲሊንደር፣ ማለትም ቁልፉ ገብቶ የሚዞርበትን ክፍል፣ ያስቀይሩ። ለመስኮቶች ከውስጥ የሚቆለፍ መያዣ፣ ለውጭ እንቅስቃሴ ሲኖር የሚበራ መብራት፣ ለውስጥ ደግሞ እርስዎ በሌሉበት በሰዓቱ የሚበራ አንድ አምፖል ይበቃል። አንድሮማኪ ጼሎኒ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር የእንግሊዝንና የዌልስን መረጃ መርምራ እንዳሳየችው፣ ቤትን ይበልጥ የሚጠብቀው እነዚህ አራት ተራ ነገሮች፣ ማለትም የበር ቁልፍ፣ የመስኮት ቁልፍ፣ የውጭና የውስጥ መብራት፣ ተደጋግፈው ሲገኙ ነው። አዲስ ላፕቶፕ ሲገዙም ካርቶኑን ደጅ አያውጡት፤ ቀዳደው ይጣሉት። በቀኝ፣ በግራና በፊት ለፊት ላሉት ጎረቤቶችዎ የሆነውን ይንገሩ፤ እኛ ይህን ስናደርግ ካገኘናቸው ሰዎች አንዷ ያን ቀን የማታውቃቸውን ሰዎች አይታ እንግዶቻችን መስለዋት ዝም ማለቷን ነገረችን፤ ከዚያ በኋላ ግን ስትጠራጠር ለመደወል አታመነታም ነበር።

ሌሊት ተኝተው ሳሉ የሚገባ ሰው ስለሚያስፈራዎ አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካ የፍትሕ ስታቲስቲክስ ቢሮ ከ2003 እስከ 2007 (እ.ኤ.አ.) የተፈጸሙትን የቤት ስርቆቶች መርምሮ እንደዘገበው፣ ከ100 ስርቆቶች በ72ቱ ያህል በቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም፤ በቤተሰቡ አባል ላይ ጥቃት የደረሰውም ከሁሉም በ7 በመቶው ገደማ ነው። እርስዎ ቤት የገቡትም ሰው አለመኖሩን አይተው የገቡ ናቸው። ያም ሆኖ አንድ እቅድ ከባለቤትዎ ጋር አስቀድመው ይስማሙ፦ እውነተኛ የመሰበር ድምፅ ከተሰማ ማንም ወጥቶ አይጋፈጥም፤ ሁላችሁም ከውስጥ በሚቆለፍ አንድ ክፍል ትሰበሰባላችሁ፤ ስልክ በእጅ ይሆናል፤ ለፖሊስ ይደወላል። እቅዱ አንዴ ከተያዘ በየሌሊቱ አልጋ ላይ ሆነው «ቢመጡ ምን አደርጋለሁ?» እያሉ ማሰላሰል አያስፈልግዎትም።

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ የቤቱ ጥገና አበቃ፤ እዚህ ላይ ይቁሙ። ከዚህ በኋላ የቀረው በሩን ደጋግሞ የመፈተሽ ጉዳይ ነው፤ እኔ ከሁሉ ይበልጥ እንዲያስቡበት የምፈልገውም ይህንኑ ነው። ማርሴል ቫን ደን ሃውትና ሜሬል ኪንት የተባሉ የሆላንድ ተመራማሪዎች በ2003 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በኮምፒውተር ላይ የተሠራን የጋዝ ምድጃ ደጋግመው እንዲያጠፉና እንዲፈትሹ አደረጉ። ብዙ የፈተሹት ሰዎች በመጨረሻ ምን እንደፈተሹ በትክክል ያስታውሱ ነበር፤ ነገር ግን ትዝታው ደብዝዞባቸው በራሳቸው ላይ ያላቸው እምነት ወርዶ ተገኘ። በሩን አምስተኛ ጊዜ የፈተሸ ሰው አንድ ጊዜ ከፈተሸው ይልቅ የሚጠራጠረው በዚህ ምክንያት ነው። መፈተሽ ለጥቂት ደቂቃ ያሳርፋል፣ ቀጥሎ ግን የበለጠ መፈተሽን ይጠይቃል።

እኛን የጠቀመን ሥርዓት ቀላል ነበር። ማታ በተወሰነ ሰዓት አንዳችን ብቻ በሮቹንና መስኮቶቹን በአንድ አቅጣጫ ዞረን፣ እያንዳንዱን በእጃችን ነክተን፣ «ይህ ተቆልፏል» ብለን በድምፅ እየተናገርን እንፈትሻለን፤ ተረኛው ከፈተሸ በኋላ ሌላው ደግሞ እንዳያይ ተስማማን። ተራው የባለቤቴ በሆነባቸው የመጀመሪያ ሌሊቶች አልጋዬ ውስጥ መቆየቱ በጣም ከብዶኝ ነበር፤ ልቤ ይመታል፣ «አንዴ ብቻ ልየው» የሚል ሐሳብ እየደጋገመ ይመጣል። ነገር ግን ተነሥቼ ሳልሄድ የቆየሁ እንደሆነ ያ ስሜት ከፍ ብሎ፣ ቆይቶ፣ በራሱ እየወረደ መሄዱን አየሁ። ሰውነት ከአደጋ ነፃ መሆኑን የሚማረው ሳይፈትሽ አድሮ ምንም ሳይሆን ሲነጋለት ነው፤ ሁልጊዜ ከፈተሸ ግን የዳነው በመፈተሹ እየመሰለው ይኖራል። የስልክ ካሜራን በየሰዓቱ መክፈትም በሩን ከመፈተሽ አይለይም፤ ካሜራ ካስገቡ እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲያሳውቅዎ ያድርጉት።

እንቅልፍ ካልመጣ አልጋው ላይ ተጋድመው ከድምፆች ጋር አይታገሉ፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ካለፈ ተነሥተው ሌላ ክፍል ውስጥ ደብዘዝ ባለ ብርሃን የማያስጨንቅ ነገር ያንብቡ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ይመለሱ። በመጀመሪያው ወር ለማረጋጊያ መድኃኒቶች አይቸኩሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ከአስደንጋጭ ክስተት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ለድንጋጤው ምልክቶችም ሆነ ለእንቅልፍ ማጣቱ ቤንዞዲያዜፒን የሚባሉት እንዳይሰጡ መክሯል። መደንገጡ፣ ሕልሙና ንቃቱ ከአንድ ወር አልፈው ሥራዎን ወይም እንቅልፍዎን የሚያውኩ ከሆነ ግን የሥነ ልቦና ባለሙያ ያነጋግሩ፤ ለዚህ ዓይነቱ ፍርሃት በውል የሚረዳ ሕክምና አለ።

ባለቤትዎ «የሄደው ዕቃ ነው» ሲሉ ሊያጽናኑዎ ፈልገው እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ሆኖም ንግግሩ የተጎዳውን ነገር አይነካውም። የማያውቁት ሰው መሳቢያዎን ከፍቶ ልብስዎን በእጁ ገልብጧል፤ የእናትዎ ጌጥ ደግሞ በገበያ ዋጋ የሚተመን አይደለም። ሐዘን ነውና እንደ ሐዘን ይያዙት፤ ለእርሳቸውም «መፍትሔ አልፈለግሁም፣ ስናገር አዳምጠኝ» ብለው በግልጽ ይንገሯቸው። እኔ የተነካውን ልብስ ሁሉ አጥቤ የመኝታ ክፍሉን ዕቃ አቀማመጥ ቀየርሁ፤ ክፍሉ እነርሱ ያዩት ክፍል አለመሆኑ ትልቅ እፎይታ ሰጠኝ። የጌጡ ፎቶግራፍ ካለዎ ለፖሊስ ይስጡ፤ አንዳንድ ጊዜ የተሰረቀ ጌጥ ለሽያጭ ሲቀርብ የሚለየው በፎቶግራፍ ነው።

ለልጅዎ «ፈጽሞ አይመለሱም» ብለው ቃል አይግቡ፤ የማይጠብቁት ቃል ሊሆን ይችላል፣ ልጆችም ይህን ያውቃሉ። ይልቁንስ የተሠራውን ያሳዩአት፤ አዲሱን ቁልፍ ራሷ ትዝጋው፣ በሩን ገፍታ ትሞክረው። የሆነውን እንድትተርክ አያስገድዷት፤ በራሷ ስታነሣው ግን ወሬ ሳይቀይሩ ያዳምጧት። ወደ ክፍሏ የምትመለሰው ደረጃ በደረጃ ይሁን፦ መጀመሪያ እስክትተኛ አጠገቧ ይቀመጡ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ወንበሩን ወደ በሩ ያስጠጉ፣ ቀጥሎ በሩን ገርበብ አድርገው ከውጭ ድምፅዎን ያሰሟት። በመሃል አንድ ሌሊት ወደ እናንተ አልጋ ብትመጣ አይቆጧት፣ በማግስቱ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ። ከሁሉ በላይ የምታየው የእርስዎን ፊት ነውና፣ ሌሊት በሩን ደጋግመው ሲፈትሹ ድምፅዎን ሰምታ እንደምትነቃ ያስቡ።

ቤቱን ስለመልቀቅ ያለኝ አስተያየት፣ በእነዚህ የመጀመሪያ ሳምንታት አይወስኑ የሚል ነው። በፍርሃት ተገፍቶ የሚወጣ ሰው ፍርሃቱን ይዞት ወደ አዲሱ ቤት ሊገባ ይችላል፤ በሩ ተጠግኖ፣ እንቅልፍዎ ትንሽ ተመልሶ፣ ቤቱን በተረጋጋ ልብ ካዩ በኋላም የማይወዱት ከሆነ ያን ጊዜ መልቀቅ ተገቢ ውሳኔ ነው። ሳይቆዩ መልቀቅ የሚያስፈልግባቸው ሁኔታዎችም አሉ፦ የገባው ሰው የሚያውቅዎና የሚዝትብዎ ከሆነ ወይም አከራዩ በሩን ለማሠራት እንቢ ካለ። እኛ አልለቀቅንም። የማውቃት አንዲት ሴት ግን የተሰበረው መቃን ሳይጠገን ወራት ስላለፉባት ለቀቀች፤ ትክክል ነበረች፣ በአዲሱ ቤቷም በደኅና ትተኛለች። ለመልቀቅ ከወሰናችሁ፣ በአዲሱ ቤት ከእናንተ በፊት የኖረው ሰው ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ አይታወቅምና፣ በገባችሁበት ቀን የበሩን ሲሊንደር አስቀይሩ።